ክረምቱ እንዴት ገባ? እንዴትስ ሰነበተ?

እነሆ ሐምሌ ገባ። እዚህ ካኩማ ሐምሌ ማለት ንፋስና አቧራ ነው፤ በአገር ቤት ግን ጭቃ፣ ጭጋግ፣ ደቦና አረም ነው። በዚህ ወር አገር ቤት ደውሎ የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «እንዴት ነው፣ ዝናብ ገብቶላቸዋል?» መልሱም አጭር ነው፤ «ገብቷል» ወይም «አልገባም»። እኛ በዚህ እትም ልናነሣ የፈለግነው ይኸው አጭር መልስ እንደማይበቃ ነው። ለወሬ ያህል ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ነገር ግን በዚህች አንዲት ቃል የተነሣ ወንድምና እህት ሲኮራረፉ፣ ለዘር የታሰበ ገንዘብም ጊዜው ካለፈ በኋላ ሲላክ እያየን ነው።

አስቀድመን ግን የልጆቻችንን አንድ ጥያቄ እንመልስ። እዚሁ ካምፕ ተወልደው በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት የሚማሩት ልጆች «ቲቸር፣ ክረምት ዊንተር ነው ወይስ ሰመር?» እያሉ ይጠይቁናል። መዝገበ ቃላቱ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ስለሚል እውነታቸውን ነው። በወሩ ከሄድን ፈረንጅ ሰመር የሚለው ጊዜ ነው፤ በብርዱና በደመናው ከሄድን ደግሞ ዊንተር ይመስላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል የዝናቡ መቀነት ተከትሏት ወደ ሰሜን ይወጣል። ከአትላንቲክ ተነሥቶ ኮንጎን የሚያቋርጠውና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ ንፋስ ደጋው ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናብ ይሆናል። በመስከረም መቀነቱ ወደ ደቡብ ይመለሳል። እኛ ያለንበት አካባቢ መንገዱ ላይ ስለሆነ ሲወጣና ሲወርድ፣ ማለትም በፈረንጆች ከማርች እስከ ሜይና ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር፣ ትንሽ ትንሽ ይረጨናል። ትንሽ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሎድዋር የዓመት ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የአዲስ አበባው ከ1,000 ሚሊ ሜትር ያልፋል።

ወደ ተነሣንበት እንመለስ። በቅርቡ በብሎካችን ለሚኖሩ አንዲት እናት ወንድማቸው ከወሎ ቆላ ደውሎ የዘር መግዣ ጠየቃቸው። እሳቸው ደግሞ በዚያው ሰሞን ሬዲዮ ሲያዳምጡ «በአብዛኛው አካባቢ መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» ሲባል ሰምተዋል። «ዝናቡ እየዘነበ ዘር ጠፋ ማለት ምን ማለት ነው? እኛ በራሽን የምንኖር መሆናችንን ረሱት እንዴ?» ብለው ተቆጡ፤ ስልኩም በቅሬታ ተዘጋ። ለቡና ስንሰበሰብ ነገሩን አነሡትና «እትዬ፣ እስኪ ደግመው ይደውሉና በግንቦት ዘንቦ እንደሆነ ይጠይቁልን» አልናቸው። ደወሉ። ለካስ በሚያዝያ ማብቂያ ጥሩ ዝናብ ጥሎ ማሽላው ተዘርቶ በቅሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ግንቦት በሙሉ ጠብ ሳይል አለፈ፣ የሰኔም ግማሽ ደረቀ። ቡቃያው ከሰለ። ዝናቡ ተመልሶ የመጣው በሰኔ ማብቂያ ነው፤ ከመጣ ወዲህም ሳያቋርጥ እየዘነበ ነው። እንግዲህ ሬዲዮውም አልዋሸም፤ ወንድምየውም አልዋሸም።

ሬዲዮው የሚናገረው ስለ ድምሩ ነው። «መደበኛ» ሲባል የአራቱ ወር ዝናብ በሰፊ አካባቢ ተደምሮ ከብዙ ዓመታት አማካይ ጋር ሲነጻጸር ብዙም አይለይም ማለት ነው። ይህ ጠቃሚ ወሬ ነው፤ እንናቀው አንልም። ሆኖም ሰብል ድምር አይበላም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ቀበሌ እኩል 500 ሚሊ ሜትር ዝናብ አገኙ እንበል። በአንደኛው ከሰኔ 12 ጀምሮ በየሦስት በየአራት ቀኑ እየጣለ እስከ መስከረም አጋማሽ ዘለቀ። በሁለተኛው ሐምሌ 10 ገብቶ ነሐሴን ሙሉ ዶፍ አውርዶ በጳጉሜ ተቆረጠ። በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። በኅዳር አውድማ ላይ ግን አንዱ ጎተራ ይሞላል፣ ሌላው ገለባ ያፍሳል።

አሁን ደግሞ «ዘር ጠፋ» የሚለውን እንይ፤ በዚህ ላይ ረዘም ብለን ብንቆይ ቅር አይበላችሁ፤ ገንዘባችን የሚወጣው በዚህ ነውና። በወሎና በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ በሐረርጌም እንዲሁ፣ ገበሬው በመጀመሪያ የሚመኘው በሚያዝያ የሚዘራውን ረጅሙን ማሽላ ነው። ይህ ማሽላ መሬት ላይ 6 ወር ገደማ ይቆያል፤ ምርቱም ብዙ ነው፤ አገዳው ደግሞ ለከብት መኖ፣ ለማገዶ፣ ለጎጆ ይሆናል። ዝናቡ ከዘገየ ወይም ቡቃያው ከደረቀ ገበሬው አንድ ደረጃ ይወርድና በሰኔ ማብቂያ አጭሩን፣ በ3 እና በ4 ወር የሚደርሰውን ማሽላ ይዘራል። ያም ካልሆነ በሐምሌ ጤፍ ወይም ማሾ ነው። እሱም ካመለጠ በነሐሴ ማብቂያና በመስከረም መሬቱ በያዘው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይደረጋል። (በነገራችን ላይ ጓያ ለክፉ ቀን ደራሽ ነው፤ ግን ለወራት እሱን ብቻ መብላት እግር ያሽመደምዳል። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል እንዳለበት ለዘመዶቻችን መናገር አይከፋም።)

እያንዳንዱ ደረጃ ወደ ታች ሲኬድ ምርቱ ያንሳል። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ገበሬው በጎተራው ያስቀመጠው ዘር የረጅሙን ማሽላ ነው፤ እሱን ደግሞ ዘርቶታል፣ ጠፍቷል። አሁን የሚፈልገውን ዘር መግዛት አለበት፤ ጎረቤቱም ሁሉ በዚያው ሳምንት ያንኑ ይፈልጋል። ገበያው ይሰቀላል። «ዝናቡ እየዘነበ ዘር ጠፋ» የሚባለው እንግዲህ ይኸ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ገንዘብ የምንልክበት ቀን የገንዘቡን ያህል ዋጋ ያለው መሆኑ ነው። ለጤፍ ዘር ተብሎ የተላከ ገንዘብ በሐዋላ ዞሮ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቢደርስ፣ በቆላው ጤፉ ገና ሳያብብ ዝናቡ ይወጣበታል። ደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ዘግይቶ የተዘራ ገብስና ባቄላ ገና በእሸትነቱ ውርጭ ያገኘዋል። ስለዚህ ዘግይቶ ለሚደርስ ገንዘብ የሚሻለው «ለሽምብራ ይሁን» ወይም «ለቀለብ ይሁን» ብሎ መላክ ነው። ይህን ስንል ሰው ካለው ቆንጥሮ የሚልክ መሆኑን አንረሳም፤ እንዲያውም ቆንጥሮ ስለሚልክ ነው የምንለው።

ክረምቱ ከገባ በኋላም ቢሆን ነገሩ አላለቀም። መሐል ላይ ዝናቡ ሲያቋርጥ ምን ሰብል በምን ዕድሜ ላይ ነበር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቆሎ ከሁሉም ይበልጥ የሚጎዳው ጸጉር በሚያወጣበት ሰሞን ነው። ጸጉሩ ከደረቀ ከላይ የሚረግፈው ዱቄት አይዝም፤ ፍሬውም ጥርሱ እንደ ወላለቀ አዛውንት አፍ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢዘንብ አገዳው ያምራል እንጂ ፍሬ አይመለስም። ማሽላ ግን ሌላ ተፈጥሮ አለው። ሲደርቅበት ቅጠሉን ጠቅልሎ ይተኛል፤ ዝናብ ሲመለስ ይነቃል። ለዚህ ነው አባቶቻችን ቆላ ላይ ማሽላን የመረጡት። እርግጥ እሱም በማሸቻው ጊዜ ከደረቀበት ፍሬው ይቀጭጫል። በዚህ መሐል የገበሬው መሣሪያ ሽልሻሎ ነው። ማሽላው ወይም በቆሎው ጉልበት ሲደርስ በበሬ መሐል መሐሉን ማረስ አረሙን ይነቅላል፣ የበዛውን ያሳሳል፣ ቦይ ስለሚያወጣም ዶፉን ይዞ ያስቀራል። በሬ የሌለው ሰው ሽልሻሎውን በጊዜው አያገኝም። «በሬ መከራያ ላኩልን» የሚል ስልክ ሲመጣ ቅንጦት አይምሰለን።

አንዳንዱ ደግሞ ዝናብ በበዛ ቁጥር ጥሩ ይመስለዋል። የሰሜን ሸዋ ደጋ ሰው ይህን አይልም። ጥቁሩ መረሬ አፈር ውኃ ሲጠግብ ያብጣል፤ ውኃው ወደ ታች አይሰርግም፣ የስንዴውና የባቄላው ሥር አየር አጥቶ ይታፈናል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። የእነዋሪ ገበሬዎች ለዚህ መላ አላቸው፤ መሬቱ ከታረሰ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ በእጁ መደብና ቦይ ይሠራል፤ ሹሩቤ ይሉታል። ማሳው ሲታይ እውነትም የተሠራ ጸጉር ይመስላል። ጤፍ እንኳ መረሬውን ይችላል፤ እሱ የሚፈራው ዛላው ከከበደ በኋላ የሚመጣ ዝናብና ንፋስ ነው፤ ይጋሽባል፤ ታጭዶ ሜዳ ላይ ሳለ የኅዳር ዝናብ ካገኘውም ይረግፋል፣ ይሻግታል። ስንዴ ደግሞ ዋግ አለበት። ቀዝቃዛና እርጥብ ክረምት ለቢጫ ዋግ ይመቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዝናቡ ጥሩ ነበር ሲባል ቢጫ ዋግ በብዙ አካባቢ ስንዴውን ፈጀ፤ በ2013 እና በ2014 መካከል ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ «ዲገሉ» የተባለውን የስንዴ ዝርያ መታ። ጥሩ ዝናብ የነበረበት ዓመት በመጥፎ አዝመራ ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው።

ስለ ኤል ኒኞ ጠይቃችሁን ነበር። ባጭሩ፣ ከፓስፊክ ውቅያኖስ በምድር ወገብ በኩል ያለው ውኃ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኤል ኒኞ፣ ሲቀዘቅዝ ላ ኒና ይባላል። ያ ሁሉ ርቀት እያለ እኛን ምን አገናኘን ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የውቅያኖሱ መሞቅ ትልልቆቹን ንፋሶች ያዛባል። በኤል ኒኞ ዓመት የኢትዮጵያ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ ይዳከማል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ እዚህ ምሥራቅ አፍሪካ የኦክቶበር ዝናብ ይበረታል። ይኸው አንዱ ነገር ወንድማችንን ያደርቃል፣ እኛን ያጥለቀልቃል። በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ እየተቆራረጠ ቀረ፤ ምሥራቅ አማራ፣ ትግራይ፣ አፋር፣ ሐረርጌ ሁሉ ተጎዱ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ተነገረ። እ.ኤ.አ. በ1997 ማብቂያ እና በ2023 ማብቂያ ደግሞ በኬንያ የወረደው ጎርፍ በኤል ኒኞ ጊዜ የመጣ ነው። ያው የ2023 ክረምት በትግራይና በሰሜን ምሥራቅ አማራ ደርቆ እንደነበረ አትርሱ።

በላ ኒና ግልባጩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ እስከ 2022 ማብቂያ በቦረና፣ በሶማሌና እኛ ባለንበት በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ቀረ፤ የቱርካና ጎረቤቶቻችን ከብትና ፍየል ሲያልቅ ያያችሁት ነው። በዚያን ጊዜ የሰሜኑ ክረምት ያን ያህል አልጎደለም፤ እርሻውን ያስቆመው ጦርነት ነበር። ሁሉንም ግን ለፓስፊክ አንስጠው። እ.ኤ.አ. በ2019 ማብቂያ የወረደው ከባድ ዝናብ ከሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል መሞቅ ጋር የተያያዘ ነው፤ የበረሃ አንበጣውም እንዲራባ አመቸው። ትንበያውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ናይሮቢ አጠገብ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል፣ አይክፓክ፣ የክረምቱን ትንበያ በግንቦት አካባቢ እንደሚያወጣ ይወቅ።

ስለ ዓመት ቁጥር አንድ ማስታወሻ ለተማሪዎች። ሰው «የሰባ ሰባቱ ድርቅ» ይላል። የቀረው ዝናብ ግን የ1976 በልግና ክረምት ነው። ዝናቡ የሚቀረው በአንዱ ዓመት ነው፤ ጎተራው የሚራቆተው አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ስለሆነ ስሙ ከረሃቡ ጋር ቀረ። የ2007 ክረምት ወሬም እንዲሁ በ2008 ነው የተሰማው። ስለዚህ ዛሬ በሐምሌ «ደህና ነን» የሚለን ዘመድ እውነቱን ነው፤ የዘንድሮ ክረምት በምን እንደተፈጸመ የምናውቀው ግን በኅዳር ነው።

አሁን ወደ ጓሯችን። ብዙዎቻችሁ ሱኩማ፣ ባሚያና ኩንዴ በመደብና በጆንያ ተክላችኋል። ራሽን በቀነሰ ቁጥር የአትክልቱ ቁጥር ሲጨምር እናያለን። ጥያቄው «ለምን ውኃ እየጠጣ ይጠወልጋል?» የሚል ነው። መልሱ ሒሳብ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በደጋ ክረምት፣ በደመናና በብርድ፣ አንድ ካሬ ሜትር ሰብል በቀን 3 ወይም 4 ሊትር ይጠጣል። እዚህ ግን ፀሐዩና ንፋሱ ተባብረው ወደ 7 ሊትር ይወስዱበታል። አገር ቤት የአንድ ሳምንት ያህል የሚያቆይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ እዚህ 3 ቀን አይሞላም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሦስት ካሬ ሜትር የአንድ ቀን ነው፤ አለቀ። ስለዚህ በቧንቧ ወረፋ የተገኘን ውኃ አሥር ካሬ ሜትር ላይ ረጭቶ ሁሉንም ከማስጠማት ሦስት ካሬ ሜትር ይዞ ማጥገብ ይሻላል። መደቡ ከፍ ሳይሆን ዝቅ ያለ ይሁን፤ አገር ቤት መረሬ ላይ ከፍ የምናደርገው ውኃውን ለማባረር ነው፣ እዚህ የምንፈልገው ለመያዝ ነው። አፈሩን በደረቅ ሣር ወይም በአገዳ ሸፍኑት። በንፋሱ በኩል የማቴንጌ እሾህ አጥር ይደረግ፤ ፍየሉንም ይከለክላል። ውኃ የሚጠጣው ፀሐይ ከገባች በኋላ ወይም ጎሕ ሳይቀድ ነው።

ለእርጥበቱ ብላችሁ ላጋ ዳር የምትተክሉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ታራች የሚሞላው እኛ ጋ ሲዘንብ ብቻ አይደለም፤ ላይኛው አገር ከዘነበ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ይደርሳል። የተከላችሁት ይሂድ፤ ልጅ ግን ለጥበቃ ብቻውን እዚያ አይተው። የቱርካና ሴቶች በቱርክዌልና በኬሪዮ ዳር ውኃው ከተመለሰ በኋላ በቀረው እርጥበት ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ይዘራሉ። ውኃው የት ድረስ እንደሚወጣ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ከመትከላችሁ በፊት ጠይቋቸው።

በመጨረሻም ስለ ቆርቆሮው። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን የተማርነው ቀላል የዝናብ መለኪያ አለ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ባዶ የወተት ጣሳ ከዛፍና ከቤት ራቅ ባለ ቦታ ይተከልና ጠዋት ጠዋት በማስመሪያ ይለካል፤ የጣሳው ስፋት ለውጥ የለውም። ሚሊ ሜትሩን ከነቀኑ መጻፍ ነው። የስድስተኛ ክፍል ልጆች አንዱን በትምህርት ቤቱ ግቢ ተክለዋል፤ እስካሁን ያስመዘገቡት አቧራ ቢሆንም ኦክቶበርን እየጠበቁ ነው።

እናንተም አገር ቤት ስትደውሉ የሚከተሉትን ጠይቁና ጽፋችሁ አምጡልን፤ ከየአካባቢው የተገኘውን በመስከረሙ እትም እናወጣዋለን። ሳያቋርጥ መዝነብ የጀመረው በየትኛው ቀን ነው? ከገባ ወዲህ ከ10 ቀን በላይ አቋርጦ ያውቃል? ያን ጊዜ ማሳው ላይ ምን ነበር፣ ምን ያህልስ ደርሶ ነበር? መጀመሪያ የተዘራው ነው ያለው ወይስ ተገልብጦ የተዘራ? ዘሩ ከቤት ነው ወይስ ከገበያ? ጥያቄዎቹን ከመደወላችሁ በፊት በወረቀት ያዙ፤ ክሬዲት ሰላምታ ላይ ያልቃል።